ሰም ለምን ይፈለጋል? ስለ አቤ ጉበኛና ስለ «አልወለድም» የቀረበ ሐተታ

በአገራችን ሊቃውንት ዘንድ ቃል እንደ ወርቅ ይመዘናል። የሚመዘነውም በሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው በእውነቱ፥ ሁለተኛው በአነጋገሩ። እውነት ሆኖ አነጋገሩ የከፋ ቃል ሰሚን ያስቈጣል፤ አነጋገሩ አምሮ እውነት የሌለበት ቃል ደግሞ ሰሚን ያታልላል። ሁለቱን አስማምቶ የሚናገር ሰው በየዘመኑ ጥቂት ነው። ሁለቱን ማስማማት ሲያቅተው እውነቱን ይዞ አነጋገሩን የተወ ሰው ግን ምን ይባላል? ሞኝ ይባላልን? ወይስ ደፋር? ዛሬ በዚህ ገጽ ለአንባብያን የማቀርበው ጥቂት ቃል በዚህ ጥያቄ ላይ የቆመ ነው።

ለመጻፍ ምክንያት የሆነኝ አንድ ወጣት ነው። ይህ ወጣት በልጅነቱ ከእኔ ዘንድ ቅኔ ቈጥሮ፥ ኋላ ወደ ከፍተኛ ትምህርት ቤት የሄደ ነው። ባለፈው ክረምት ደምበጫ መጥቶ ሳለ ከደጄ ተቀምጠን ስንጫወት እንዲህ ሲል ጠየቀኝ። «የኔታ፥ መስኮቦች ሶልዠኒትሲን የሚባል ደራሲ ነበራቸው። የገዢዎቹን ግፍ ሳይፈራ ቢጽፍ መጽሐፉን ከለከሉት፥ እሱንም ከአገሩ አስወጡት። ለእኛስ እንዲህ ያለ ሰው ነበረን?»

«ነበረን እንጂ፤ ሩቅም አይደለም። ከዚህ ተነሥተህ ፍኖተ ሰላምን፥ ቡሬን፥ እንጅባራን፥ ዳንግላን ስታልፍ የምታገኘው አቸፈር ያበቀለው ሰው ነው» ብዬ መለስሁለት።

እንዲህ በቀላሉ ብመልስለትም ከዚያ በኋላ ልቤ ዕረፍት አላገኘም። ስለዚህ ሰውና ስለ መጽሐፉ ያለብኝ ዕዳ ስላለ ነው። ዕዳውን በኋላ እናገረዋለሁ፤ አስቀድሜ ግን የሁለቱን ደራስያን ታሪክ በአጭሩ ላመልክት።

አሌክሳንደር ሶልዠኒትሲን፥ አባቶቻችን መስኮብ ይሏት በነበረችው በሩሲያ፥ በ1911 ዓ.ም. ተወለደ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የመድፈኛ ጦር መኰንን ሆኖ ሲዋጋ ለወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ ስታሊንን ስለ ነቀፈ በየካቲት 1937 ዓ.ም. ከጦር ግንባር ተይዞ ስምንት ዓመት ተፈረደበት። እስራቱን ከፈጸመ በኋላም ወደ ካዛኪስታን በግዞት ተላከ። በእስር ቤት ሳለ ወረቀት መያዝ አደገኛ ስለ ነበረ ግጥሙን በልቡ እየደረሰ በቃሉ ያጠናው ነበር። የሊትዌንያ እስረኞች ከዳቦ ሊጥ በሠሩለት መቍጠሪያ መሥመሩን እየቈጠረ፥ እስራቱን ሲጨርስ ዐሥራ ሁለት ሺህ ያህል መሥመር በቃሉ ይዞ ወጣ። በኅዳር 1955 ዓ.ም. «የኢቫን ዴኒሶቪች አንድ ቀን» የሚባለው ታሪኩ «ኖቪ ሚር» በተባለው መጽሔት ታተመ። በ1963 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ስለ እስር ቤቶቹ የጻፈው «የጉላግ ደሴቶች» የተባለው ታላቅ መጽሐፉ በታኅሣሥ 1966 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ ቢታተም፥ በየካቲት ወር ዜግነቱን ገፍፈው ከአገር አስወጡት። ሃያ ዓመት በስደት ኖሮ በ1986 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመለሰ፤ በሐምሌ 2000 ዓ.ም. ሞስኮ ላይ ሞተ።

አቤ ጉበኛ ደግሞ በ1925 ዓ.ም. በጎጃም፥ በአቸፈር ተወለደ። እንደ ዘመኑ የባላገር ልጆች ፊደል የቈጠረው በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ነው፤ ከዚያም አልፎ ቅኔ ተማረ። ቀጥሎም በዳንግላና በአዲስ አበባ ዘመናዊውን ትምህርት ተማረ። በመንግሥት መሥሪያ ቤት የጋዜጣ ጸሐፊ ሆኖ ከሠራ በኋላ፥ ደመወዙን ትቶ ከብዕሩ በሚያገኘው ብቻ ለመኖር ቈረጠ። በዚያ ዘመን መጽሐፍ ጽፎ እንጀራ እበላለሁ ማለት በደረቅ ወንዝ ዓሣ አጠምዳለሁ እንደ ማለት ይቈጠር ነበር። እሱ ግን ልብ ወለድም፥ ተውኔትም፥ ግጥምም እያከታተለ አሳተመ። «አልወለድም» የተባለው መጽሐፉ በ1955 ዓ.ም. ወጣ። አንባቢ ሆይ፥ ዓመቱን ልብ በል! የመስኮቡ ደራሲ የእስረኛውን አንድ ቀን ባሳተመበት በዚያው ዓመት መሆኑ ነው። አንዱ የሌላውን ስም እንኳ ሰምቶ እንደማያውቅ መገመት አያስቸግርም።

የሁለቱ መጻሕፍት ዕድል ግን የተለያየ ነበር። የሶልዠኒትሲን ታሪክ የታተመው የአገሩ መሪ ክሩስቾቭ ራሱ ስለ ፈቀደ ነው። ስታሊን ሞቶ ነበርና የስታሊንን ግፍ መግለጥ ለጊዜው ለአዲሱ መሪ ጠቀመው። አቤ ጉበኛ ግን መጽሐፉን ያወጣው ግርማሜ ንዋይና ወንድሙ ጄኔራል መንግሥቱ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የሞከሩት የመንግሥት ግልበጣ ገና ሁለት ዓመት ባለፈው ጊዜ ነበር። ቤተ መንግሥቱ ቍስሉ አልሻረም፤ ጥላውንም ይጠረጥር ነበር። በ1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በ41ኛው አንቀጽ የንግግርና የጋዜጣ ነፃነት በሕግ መሠረት የተጠበቀ ነው ቢልም፥ «በሕግ መሠረት» የምትለው ቃል በር ከፋችም በር ዘጊም ሆና ትሠራ ነበር። ስለዚህ «አልወለድም» ጥቂት ቅጂ እንደ ተሸጠ ታገደ፤ የቀረውም ከገበያ ተሰበሰበ። ደራሲውም ኋላ ወደ ኢሉባቦር፥ ወደ ጎሬ በግዞት ተላከ።

መጽሐፉ ምን ቢል ነው ይህ ሁሉ የደረሰው? በማኅፀን ያለ ፅንስ አልወለድም ይላል። ወደዚህ ዓለም ብመጣ የሚጠብቀኝ ድኽነት፥ ግፍና ውርደት ነው፤ ስለዚህ ካለሁበት አልወጣም ብሎ ይከራከራል። የሚከራከሩት ሰዎች ሕይወት መልካም እንደ ሆነች ሊያስረዱት ይሞክራሉ፤ እሱም አንድ በአንድ ይመልስላቸዋል። በመጨረሻ ሳይወድ በግድ ይወለዳል፤ ከተወለደም በኋላ የፈራውን ሁሉ ያገኘዋል፤ ግፍንም ሲቃወም ይኖራል። አገሩ ልብ ወለድ አገር ነው፤ ነገር ግን በጊዜው ላነበበ ሰው ያቺ አገር ማን እንደ ሆነች ለማወቅ ካርታ አላስፈለገውም።

አሁን ወደ ዕዳዬ እመለሳለሁ።

በ1978 ዓ.ም. ገደማ የዐሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ሆኜ በአንድ የቅኔ ጉባኤ ቤት ስማር ነበር። ደበሎ ለብሰን፥ አኩፋዳ ይዘን፥ የምንኖረው በሣር ጎጆ ነበር። አንድ ጓደኛችን ከከተማ ሲመለስ ሽፋኑ የተገነጠለ መጽሐፍ አምጥቶ በኵራዝ ብርሃን ተራ በተራ አነበብነው። መጽሐፉ «አልወለድም» ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ስናወራው አደርን። በሦስተኛው ቀን የኔታ መጽሐፉን ከእጃችን አዩትና ጥቂት ገጽ አስነብበው ሰሙ። ሲያበቁም፥ «ወርቁ ብዙ ነው፤ ሰም ያንሰዋል» አሉና ዳዊታቸውን መድገም ቀጠሉ።

ከጥቂት ቀን በኋላ በየጎጆው ፍተሻ ሊደረግ ነው የሚል ወሬ መጣ። ያን ዕለት መጽሐፉ ከእኔ ዘንድ ነበረ። ደራሲው ከስድስት ዓመት በፊት በየካቲት 1972 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ አሟሟቱ ሳይገለጥ እንደ ሞተ በሹክሹክታ ሰምተን ነበር። ፈራሁ። መጽሐፉን ከምድጃው እሳት ጨመርሁት። ፍተሻም ሳይመጣ ቀረ። ባለ መጽሐፉ ጓደኛዬ አንድ ቃል አልተናገረኝም፤ ዝምታው ግን እስከ ዛሬ ይናገረኛል።

ከዚያ ወዲያ ሰው ሁሉ ስለ አቤ ጉበኛ ሲያመሰግን እኔ የየኔታን ቃል እያነሣሁ «ሰም ያንሰዋል» እል ነበር። ተማሪዎችም ወንበር ዘርግቼ ማስተማር ከጀመርሁ በኋላ ይህንኑ ከእኔ ሰምተዋል። አሁን ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ ራሴን ስመረምር፥ ያ ፍርድ ከእኔ አፍ ሲወጣ የሊቅ ፍርድ እንዳልነበረ አየሁ። ፍርሃቴን ሰም አልብሼ ዕውቀት አስመስዬው ነበር። የየኔታ ቃል እውነት ሊሆን ይችላል፤ እኔ ግን የተናገርሁት እውነት ስለ ሆነ ሳይሆን ስለ ተመቸኝ ነው። ስለዚህ መጽሐፉን እንደ ገና ፈልጌ አንብቤ፥ ያንን ፍርድ ያለ ፍርሃት እንደ ገና ልመዝነው ወደድሁ።

መጀመሪያ ሰም ምን እንደ ሆነ እንጠይቅ። ብዙ ሰው ሰም ማለት መሸፈኛ ይመስለዋል። ባለቅኔው ጌታውን ሊነቅፍ ሲፈልግ ነቀፋውን በምስጋና ይሸፍነዋል፤ ጌታው ምስጋናውን ሰምቶ ደስ ይለዋል፥ ዐዋቂው ነቀፋውን ሰምቶ ይስቃል ይባላል። ይህም በእውነት የሚደረግ ነው፤ ሊቃውንቶቻችን ውስጠ ወይራ የሚሉት የአነጋገር ስልት አለ። «ሰማይ አይታረስ፥ ንጉሥ አይከሰስ» በሚባልበት አገር እውነት ሳይሞት የኖረው በዚህ ስልት ነው ቢባል ሐሰት አይደለም።

ነገር ግን ባለቅኔውን የጠበቀው ሰም ብቻ አልነበረም። ቅኔ አይደገምም። ዛሬ የተቈጠረው ዛሬ ይባላል፤ ለነገ በዓል ሌላ ይፈለጋል። ከቅኔ ማሕሌቱ የቆመው ሰው ሰማ፤ ያልቆመው አልሰማም። የተነቀፈው ጌታም ቢሆን ከዚያው ተቀምጦ ይሰማል፤ ገብቶትም ቢሆን በጉባኤው ፊት ቍጣውን መግለጥ ራሱን ማጋለጥ ስለሚሆንበት ስቆ ያልፈዋል። እንግዲህ ባለቅኔው በሦስት ነገር ይጠበቅ ነበር፤ በሰሙ፥ ቃሉ ለዕለቱ ብቻ በመሆኑና ሰሚው ፊት ለፊት በመኖሩ ነው።

የማተሚያ መኪና ከመጣ በኋላ ግን ይህ ሁሉ ተለወጠ። የታተመ ቃል ይደገማል፤ ከአዲስ አበባ የወጣው በደብረ ማርቆስም በደምበጫም በዚያው ቃል ይነበባል። ሰሚው ፊት ለፊት የለም፤ በምትኩ በመሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ላይ እርሳስ ይዞ የሚቀመጥ የሳንሱር ሹም አለ። ይህ ሹም ቅኔ ሰምቶ አይስቅም፤ ሥራው መሳቅ አይደለምና። ወርቁን ባያገኘው እንኳ ሰሙን ይጠረጥረዋል። አቤ ጉበኛ ከቅኔ ቤት ወጥቶ ወደ ማተሚያ ቤት የገባ ሰው ስለ ሆነ ይህን ለውጥ ከመጽሐፍ ሳይሆን በራሱ ሰውነት ላይ ተማረው።

ሰምን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ሥራዎቹን ዘርዝሮ ያየ ሰው ሲሸምን ያገኘዋል። «የሮም አወዳደቅ» ሲል ስለ ሮም ብቻ ተናገረን? የኮንጎው መሪ ፓትሪስ ሉሙምባ በጥር 1953 ዓ.ም. ከተገደለ በኋላ «የፓትሪስ ሉሙምባ አሳዛኝ አሟሟት» ብሎ ሲጽፍ ልቅሶው ለኮንጎ ብቻ ነበረን? በ1961 ዓ.ም. ባወጣው «አንድ ለእናቱ» በተባለው የዐፄ ቴዎድሮስ ታሪክም አንድ ልጅ ያላትን እናት ስናነብ፥ እናቲቱ አገር መሆንዋን ለመረዳት የቅኔ መምህር አያስፈልገንም። ሩቅ አገርና ያለፈ ዘመን የአቤ ጉበኛ ሰሞች ነበሩ።

የ«አልወለድም» ርእስ ራሱም እጅግ የሚደነቅ ነው። በአንድ ቃል የተፈጸመ ጉባኤ ቃና ቢባል አይበዛበትም። ሰሙ እንቢተኛ ፅንስ ነው፤ ወርቁ ደግሞ እንዲህ ባለ አገር ሰው ነኝ ብሎ ለመኖር የሚያስቸግረው ትውልድ ነው። ደግሞ ተመልከቱ፤ ከፊደሎቹ «ለ»ን አንሥተን «ል»ን ብናገባ ቃሉ «አልወልድም» ይሆንና ተናጋሪው ይለወጣል። የመጀመሪያው የልጅ ቃል ነው፥ ሁለተኛው የእናት ቃል ነው። ልጅ መወለድን ሲፈራ፥ እናትም የምታበላው አጥታ መውለድን ስትፈራ፥ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የአንዲት ፊደል እግር ብቻ ነው። ደራሲው ይህን አስቦት ይሁን ሳያስበው፥ ቅኔ የቈጠረ ጆሮ ግን ሳይሰማው አያልፍም።

ይህን ካመሰገንሁ በኋላ ግን መጽሐፉ ጕድለት የለውም አልልም። ጕድለቱም በርእሱ የጀመረውን በውስጡ አለመፈጸሙ ነው። ፅንሱ አልወለድም ካለ በኋላ እንደ ጠበቃ ይናገራል። ክርክሩ ገጽ ለገጽ ይቀጥላል፤ አንዱ ምክንያት ሳይፈጸም ሌላው ይከተላል። አንባቢው የሚቀበለው የተቈጠረ ቅኔ ሳይሆን ቅኔው ከተባለ በኋላ የሚሰጥ ፍቺ ነው። ድኽነት ክፉ እንደ ሆነ ይነገረናል፤ ድኻው ምን በልቶ እንዳደረ ግን የሚያሳየን ገጽ ያንሳል። ገዢዎች ግፈኞች እንደ ሆኑ እንሰማለን፤ የገዢው እጅ ግን አልፎ አልፎ ብቻ ይታያል።

እዚህ ላይ ሶልዠኒትሲን ይጠቅመናል። በ«ኢቫን ዴኒሶቪች አንድ ቀን» ውስጥም ሽፋን የለም። ቦታው እስር ቤት ነው፥ ሰውየው እስረኛ ነው፥ አሳሪውም መንግሥት ነው። ነገር ግን ደራሲው ክርክር አያበዛም። እስረኛው ከቍርሱ ላይ ያስቀራትን ዳቦ የት እንደሚደብቃት፥ በብርድ ውስጥ ግንብ ሲገነባ ሥራው እንዴት ደስ እንደሚለው፥ አንድ ሳሕን ትርፍ ገንፎ ማግኘት ምን ያህል ደስታ እንደ ሆነ ያሳያል። ሰውየው በማታ ሲተኛ ቀኑ መልካም እንደ ነበረ ያስባል። አንባቢው ግን መጽሐፉን ዘግቶ ያለቅሳል፤ እንዲህ ያለውን ቀን መልካም ያሰኘ ሥርዓት ምን ዓይነት እንደ ሆነ ማንም ሳይነግረው ያውቃልና። ዳቦዋ ሰም ናት። የምትሸፍነው ነገር ግን የለም፤ ወርቁን ተሸክማ ትቆማለች እንጂ።

ይህን ሳስብ ሰምና ወርቅ የሚለው ስያሜ ከየት እንደ መጣ ትዝ አለኝ። ከአንጥረኛ ቤት ነው። አንጥረኛው አስቀድሞ የሚሠራውን ጌጥ መልክ በሰም ያበጃል። ሰሙን በጭቃ ይለብጠዋል፤ ጭቃውንም በእሳት ሲያሞቀው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ ወርቁም ቀልጦ ሰሙ በነበረበት ቦታ ይፈስሳል። እንግዲህ በአንጥረኛው ቤት ሰም ወርቅን አይሸፍነውም። መልክ የሚሰጠው ሰሙ ነው፤ ሰም ባይኖር ወርቁ በመሬት ፈስሶ ይቀራል እንጂ ቀለበት አይሆንም። እኛ ግን በፍርሃት ዘመን ብዛት የሰምን አንዱን ጥቅም ብቻ ይዘን፥ ሰም ማለት መደበቂያ ነው እያልን ተማሪዎቻችንን አስተማርን።

እንግዲህ የየኔታን ቃል እንዲህ እተረጕመዋለሁ። ለ«አልወለድም» ያነሰው የሚደብቀው ሰም አይደለም፤ መልክ የሚሰጠው ሰም ነው። አቤ ጉበኛ የመጀመሪያውን ሰም መጣሉ ትክክል ነበረ፤ በማተሚያ ዘመን ያ ሰም ደራሲን አይጠብቀውም፥ አንባቢንም ግራ ያጋባዋል። ከእሱ ጋር ሁለተኛውን ሰም መጣሉ ግን ሥራውን ጐዳው። ከሦስት ዓመት በኋላ በ1958 ዓ.ም. የወጣው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ስለዚያው ሥርዓት፥ ስለዚያው የጎጃም ባላባትና ገባር ይናገራል። መጽሐፉ ክርክር አላጣም፤ ነገር ግን ፊታውራሪ መሸሻን፥ ሰብለ ወንጌልን፥ በዛብህንና ጉዱ ካሳን እንደምናውቃቸው ጎረቤቶች አድርጎ በዓይናችን ፊት ያቆማቸዋል። ስለዚህ የሥርዓቱን መበስበስ በእነሱ ሕይወት እናየዋለን። ሁለቱም የጎጃም ልጆች ናቸው፤ ሁለቱም የቅኔ ቤት ጥላ ያረፈባቸው ናቸው፤ ዓላማቸውም አንድ ነበረ። ሰማቸው ግን ተለያየ።

ሆኖም ፍርዴን በዚህ ብጨርስ ለአቤ ጉበኛ ዐመፀኛ እሆናለሁ። አንድ ሥራ ሲመዘን ምን ጐደለው ብቻ ሳይሆን በምን ዋጋ ተሠራ ተብሎም ይጠየቃል። ሶልዠኒትሲን መከራ የተቀበለ ሰው መሆኑ አይካድም፤ «የጉላግ ደሴቶች» ቅጂ ያለበትን ቦታ ለፖሊስ እንድትናገር የተገደደችው የጽሕፈት መኪና ጸሐፊው በነሐሴ 1965 ዓ.ም. ተሰቅላ ተገኝታለች። ነገር ግን ድምፁን የሚሰሙ ብዙ አገሮች ነበሩት። መጽሐፉን ፓሪስ አተመችለት፤ ስቶክሆልም ሸለመችው፤ ሲባረርም ጀርመን፥ ስዊስና አሜሪካ ተቀበሉት። ለአማርኛ ጸሐፊ ግን ፓሪስ አልነበረችውም። መጽሐፉ አዲስ አበባ ላይ ከታገደ በዓለም ሁሉ ታገደ ማለት ነው፤ ከኢትዮጵያ ውጭ የሚያትመውም የሚያነበውም አልነበረምና።

አቤ ጉበኛ ይህን ስላወቀ ይመስላል በእንግሊዝኛም የጻፈ። «ዘ ሳቬጅ ገርል» የተባለውን ተውኔት፥ ኋላም በ1975 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ስለ ጣሊያን ወረራ ዘመን ተጋድሎ የሚናገረውን «ዲፋያንስ» የተባለውን ልብ ወለድ አሳተመ። በ1966 ዓ.ም. ገደማ በአሜሪካ በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ከልዩ ልዩ አገር ከመጡ ደራስያን ጋር ተቀምጦ ነበር። ሶልዠኒትሲን ከአገሩ በተባረረበት በየካቲት 1966 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አብዮት ፈነዳ። አንዱ ሃያ ዓመት ወደ አገሩ መመለስ የማይችል ስደተኛ ሆነ፤ አቤ ጉበኛ ግን በውጭ አገር መቅረት ሲችል ተመለሰ። የተመለሰውም የተሻለ ዘመን ያገኝ መስሎት ይሆናል። ግፍን የሚጠላ ብዕር ግን የገዢው ስም ሲለወጥ አይለወጥም። የካቲት 1972 ዓ.ም. ሲደርስ ገና ዐምሳ ዓመት ሳይሞላው ሞተ። ከአራት ዓመት በኋላ፥ በየካቲት 1976 ዓ.ም.፥ «ኦሮማይ»ን የጻፈው በዓሉ ግርማ ከቤቱ እንደ ወጣ ቀረ።

አንባብያን ሆይ፥ ይህን ስጽፍ የሙታንን ስም ለማስለቀስ አይደለም። አንድ ነገር ለመጠየቅ ነው። ሶልዠኒትሲን ግጥሙን በቃሉ ይዞ ከእስር ቤት ሲወጣ ያደረገው ነገር ለእኛ ተማሪዎች እንግዳ አይደለም። የእኛ ሊቃውንትም ግሱን፥ አገባቡን፥ የመምህራኑን ቅኔ በልባቸው ይዘው ከዋሸራ ወደ ጎንጅ፥ ከጎንጅ ወደ ሌላው ጉባኤ ቤት ሲሻገሩ ኖረዋል። ልብ ሳንሱር የማይገባበት ቤት ነው፤ ፈታሽም አያገኘውም፥ እሳትም አያቃጥለውም። እንዲህ ያለ ቤት ይዘን ሳለን፥ በዚያ ያኖርነው ምንድር ነው? የነገሥታትን ምስጋና ብቻ ነውን? ወይስ የድኻውንም ቃል አኑረንለታል? እኔ በዚያች ሌሊት መጽሐፉን ባቃጥል እንኳ ሦስት ገጽ በቃሌ ይዤ ቢሆን ኖሮ ለጓደኛዬ የምመልስለት ነገር ይኖረኝ ነበር። አልያዝሁም። ፈጥኖ የያዘኝ ፍርሃት ነበረና።

ያ ወጣት በመጨረሻ ሊሰናበተኝ ሲነሣ ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ አንድ ቅኔ አሳየኝ። በገበያ ቀን እህል የሚሰፍር አንድ ሰው በጐዶሎ ቍና ድኾችን ሲበድል አይቶ የቈጠረው ነው። የቀድሞው ልማዴ ቀደመኝና «ሸፍነው፤ ቍናውን ትተህ ጨረቃ በለው፥ እሷም አንድ ጊዜ ሙሉ አንድ ጊዜ ጐዶሎ ናት» አልሁት። እሱም «እሺ፥ የኔታ» ብሎ ወረቀቱን አጥፎ ሄደ። ቅኔው በእኔ እርማት አማረ፤ ነገር ግን ድኾቹ ከውስጡ ወጡ። በጨረቃ መጕደል የተራበ ሰው የለምና።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ሁለት ዕዳ እከፍላለሁ። የመጀመሪያው የአቤ ጉበኛ ነው። «አልወለድም» ጕድለት ያለበት ታላቅ መጽሐፍ ነው፤ ጕድለቱን የሚናገር ሰው አስቀድሞ ታላቅነቱን ይናገር፤ ይልቁንም ፈርቶ ያቃጠለ ሰው ከሆነ። ሁለተኛው የተማሪዬ ነው። ልጄ ሆይ፥ እርማቴን መልስልኝ። ቍናውን ወደ ቦታው መልሰው። ከምን እንጨት እንደ ተሠራ፥ ከግርጌው ምን እንደ ተለሰነበት፥ የምትቀበለዋ ሴት ከረጢትዋን እንዴት እንደ ዘረጋች፥ ወደ ቤትዋ ስትሄድ እህሉ ምን ያህል እንደ ቀለላት አሳይ። ይህ ሁሉ ሰም ነው፤ ወርቁ የሚፈስስበትን መልክ ያበጃልና አይደብቅም። የሰፋሪውን ኀጢአት መናገር አያስፈልግህም፤ ቍናው ይናገራል። ቅኔውንም በቃልህ ያዘው፤ ወረቀቱ ቢጠፋ እንኳ እንዳይጠፋ።